የእንግዳው ቀዝቃዛ ውሃ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ አግብታ፣ ለምሳ የተጠራነው ሀርጌሳ ውስጥ በቅርቡ ከተከፈተ አንድ ትልቅ ሆቴል ነበር። ቦታዬን ይዤ፣ ከሙዝ ጋር የቀረበልኝን ሩዝና የፍየል ሥጋ መጉረስ እንደጀመርኩ ዓይኔ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ ዐረፈ። በር የሚያህል ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ግራና ቀኝ ቀይ ገደል፣ በመካከሉ ከጉልበት በላይ የተከመረ ነጭ በረዶ። ሳህኔን ገፋ አደረግሁት።

ወጣቶቹ እየተነሡ ከፎቶው ሥር ቆመው በስልካቸው ይነሣሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ፣ "አደር ሰይድ፣ ይሄ እዚሁ አገራችን ነው ቢሉዎት ያምናሉ?" አለኝ። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እዚህ ኖሬ ኖሬ የሁሉም አጎት ሆኛለሁ።

"አምናለሁ። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከፎቶው ሥር የአንሺው ስም በወርቃማ ፊደል ተጽፏል፤ ከስሙ ቀጥሎ ስለ ተፈጥሮ ውበት አንድ ሁለት ቃል አለ። አንብቤው ደሜ ፈላ። ሰው ሲያረጅ ንዴቱም አብሮ ይበርዳል ሲሉ እሰማለሁ። የኔ አልበረደም። እንዲበርድም አልፈልግም።

ያኔ ሀርጌሳ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ራሷን የምትለቅምበት ዘመን ነበር። ጣሪያ ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል። ጠዋት የሚቀሰቅሰን አዛንና መዶሻ ነው፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል። እኔ ከደሴ በጅጅጋ አድርጌ መጥቼ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ከጥቂት ያገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ብቻ ቆርቆሮ ባለው ቤት እኖር ነበር። ሥራዬ የአንድ ነጋዴ ላንድክሩዘር መንዳት ነው። ወጣት ነበርኩ፤ መሪ ከጨበጥኩ ዓለም የኔ ትመስለኝ ነበር።

ሆዳንን ያወቅኋት በዚያ ጊዜ ነው። ነርስ ነች። በጦርነቱ ቤተሰቧ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽቶ፣ ልጅነቷ ያለፈው ሀርተሼክ በሚባለው የስደተኞች ጣቢያ ስለነበር አማርኛ ከኔ እኩል ታቀላጥፋለች። መንገድ ላይ ስታገኘኝ፣ "አንተ የደሴ ልጅ፣ ዛሬስ ጸጉርህን አበጥረሃል!" ትለኛለች። የምትሠራበት ክሊኒክ ውስጥ የነበረው ማቀዝቀዣ በጄኔሬተር የሚሠራ ነበር፤ ጄኔሬተሩ ሲያስል የእሷ ልብ አብሮ ያስላል። ክትባት ከቀዘቀዘ ይኖራል፤ ከሞቀ ይሞታል። ይህን እስኪሰለቸኝ ድረስ ነግራኛለች።

በዚያ ሰሞን ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ ወደ ባሕሩ በሚወርደው ቆላ ኩፍኝ ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። አርብቶ አደሮቹ ወንዝ ዳር ካለ አንድ የውሃ ጉድጓድ ተሰብስበዋል፤ ልጆቻቸው አልተከተቡም። ሆዳን ክትባቱ ነበራት፣ መኪና አልነበራትም። ፋይሰል የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ፋይሰል የሀርጌሳ ልጅ ሆኖ ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ነበር። አንገቱ ላይ ሁለት ካሜራ፣ እግሩ ላይ ወፍራም ጫማ። የአገሩን አራዊት ፎቶ አንሥቶ ለዓለም ሊያሳይና ቱሪስት ሊያመጣ ነው። ዋናው መንገድ ፈንጂ ስለተቀበረበት ለአራዊቱም ለእኛም የሚሻለው ደረቁን ወንዝ ተከትሎ መውረድ ነበር፤ ሶማሌዎቹ ቶግ ይሉታል፣ ዝናብ ካልመጣ በቀር አሸዋ ብቻ የሚፈስበት ወንዝ ነው። ፋይሰል መኪናዬን ተከራየ፣ ነዳጁን ሞላ። ሆዳን ለምና ቦታ አገኘች። ጉዞው የእሱ፣ ክትባቱ የእኛ። ይህን የምናገረው ለሰውየው የሚገባውን ላለመንፈግ ነው፤ ያለ እሱ ነዳጅ ከከተማ አንወጣም ነበር።

አራተኛችን አደር ዋርሰሜ፣ የፋይሰል አጎት ነው። ጢሙን በሒና ያቀላ፣ ቀጥ ያለ ሽማግሌ። በእነሱ ባህል እንግዳ ይዞ በየጎሳው አገር የሚያልፍ ሰው አባን ይባላል። እንግዳው ከተራበ፣ ከተጠማ ወይም ከተሰደበ ውርደቱ የአባኑ ነው። ለአደር ዋርሰሜ ፋይሰል የወንድሙ ልጅ ብቻ አልነበረም፤ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳው ነበር። እኔም በዚያ አገር ባዕድ ስለሆንኩ በእሱ ጥላ ሥር ነኝ። ገና ከከተማው ሳንወጣ፣ "ከኔ ጋር እስካለህ ማንም ክፉ ዓይኑን አይጥልብህም" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኛል። እወደው ነበር።

የክትባቱ ሳጥን ሰማያዊ ነበር። ሆዳን ብልቃጦቹን ከመካከል አድርጋ፣ ዙሪያቸውን ውሃ ተሞልተው በረዶ በሆኑ የፕላስቲክ ጠፍጣፋ ዕቃዎች አጠረቻቸው። ክዳኑን ገጥማ፣ "እስክንደርስ አይከፈትም" አለች። በሶማሊኛም በአማርኛም ተናገረችው።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም፤ ውበቱን ልካድ ብል ዋሽቼ ነው። የዝናቡ ወራት ገና መግባቱ ነበር። ግራሩ አቆጥቁጧል፣ አሸዋው ጎማ ሥር እንደ ዱቄት ይላል። ገረኑግ የሚሏት አንገተ ረጅም ሚዳቋ በኋላ እግሮቿ ቆማ ቅጠል ስትቀጥፍ አየን። የሰጎን መንጋ ቀሚሱን ሰብስቦ እንደሚሮጥ ሴት ከፊታችን ሸሸ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዲት አቦሸማኔ ከገደሉ ጥላ ወጥታ ወንዙን በእርጋታ አቋረጠች፤ ዞራ እንኳ አላየችንም። ፋይሰል በየጉብታው "አቁም!" ይላል፤ አቆማለሁ። ካሜራው ይንጫጫል። ፀሐይዋ ግን ለማንም አትቆምም።

ሲነሣና ሲቀመጥ ስለሚኖርበት አገር ያወራልናል። ተራራ የሚያህል በረዶ ከወንዝ ዳር ቆሞ፣ እነሱ በላስቲክ ጀልባ በሥሩ ሲያልፉ፣ ድብ ከዳር ሆኖ ሲያያቸው። በእግራቸው በረዶው ላይ ወጥተው ስንጥቁ ውስጥ አጎንብሰው ሲያዩ፣ ውስጡ ሰማያዊ ነው አለን። አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። "ምግባችን በበረዶ ሳጥን ነበር" አለ እየሳቀ። "መሪያችን ክፉ ሰው ነው፤ ቀን ላይ ሳጥኑን የከፈተ ሰው በእግሩ ይመለሳል ይለን ነበር። አንዴ የተከፈተ ሳጥን ምግቡን ያበላሻል።"

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሆዳንም ሰምታለች። ይህን ያዙልኝ።

ምሳ በላን፤ ቅቤ ውስጥ የተቀመጠ ደረቅ ሥጋና ቴምር። ሙቀቱ ጠና። ፋይሰል ከጀሪካኑ ውሃ ተጎንጭቶ ፊቱን አጨማደደ፤ ሻይ ሆኗል አለ። አደር ዋርሰሜ እንደተሰደበ ሰው ብድግ አለና ሰማያዊውን ሳጥን ከፈተ። ለካ ከተነሣን ጀምሮ አንድ ጠርሙስ ሸጉጦበት ኖሯል። ሆዳን ጮኸች። "አደር! በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይከፈትም ብያለሁ!"

"አንድ ጠርሙስ ናት ልጄ። እንግዳ አጠገቡ ቀዝቃዛ እያለ የሞቀ ውሃ ይጠጣ? ሰው ምን ይለኛል?"

ፋይሰል ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ። "አልሐምዱሊላህ" አለ። ሆዳን ሳጥኑን ዘግታ ከእግሯ ሥር አስቀመጠችው። ለኔ በአማርኛ፣ "ይሄ ሽማግሌ ደግነቱ ያስፈራኛል" አለችኝ። ሳቅሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ሰምቼ የማላውቅ ይመስል።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ባሌስትራ ተሰበረ። እኔ ከሥር ገብቼ በገመድና በእንጨት ሳስር፣ ሆዳን ለሶላት ከወንዙ ዳር ወደ ላይ ወጣች። ከሥር ሆኜ የማየው እግር ብቻ ነበር፤ የሽማግሌው ጫማና የፋይሰል ወፍራም ጫማ ጎን ለጎን ሲመጡና ሲሄዱ አይቻለሁ፣ ምን እንደሚሠሩ አላየሁም። ስንጨርስ መሸ፤ ከወንዙ ከፍ ካለ ሜዳ ላይ አደርን። ከተራራው በላይ መብረቅ ይበርቃል፤ እኛ ዘንድ ጠብታ የለም።

ሲነጋ ጎርፍ መጣ። ቀይ ነው፤ ግንድና ድንጋይ ይዞ እየጓጎረ አለፈ። ረፋድ ላይ እስኪጎድል ስንጠብቅ፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ትናንት መኪናው ከተሰበረበት በላይ ወዳለው ቁጥቋጦ ሄድኩ። ከሥሩ የፕላስቲክ ዕቃዎች ተደርድረዋል። ከሳጥኑ የወጡ ናቸው። አንዱን አነሣሁት፤ ውስጡ ውሃ ይንቦጫቦጫል። ለብ ብሏል።

ሆዳንን ጠራኋት። አየቻቸው። ሮጣ ሳጥኑን ከፈተች። በበረዶዎቹ ቦታ የውሃ ጠርሙሶችና የፋይሰል የፊልም ጥቅልሎች ተኮልኩለዋል። ቴርሞሜትሩን አውጥታ አየች፤ ወደ ፀሐይ ዞራ ደግማ አየች።

"ማነው ያወጣቸው?" አለች።

አደር ዋርሰሜ ነገሩ አልገባውም። "እኔ ነኝ። የሚጠጣ ውሃ የላቸውም፣ ቦታ ይዘው ነበር። ለእንግዳው ጠርሙስ ቦታ ፈለግሁ። ምን ሆነ? የሚያቀዘቅዘው ሳጥኑ አይደል?"

ሽማግሌው ከልቡ ነበር። ሀርጌሳ ውስጥ ያየው ማቀዝቀዣ ሳጥን ነው፤ ቅዝቃዜው ሳጥኑ ውስጥ የሚኖር መስሎታል፣ ጀሪካን ውሃ እንደሚይዘው። በእሱ ላይ መቆጣት ቢያምረኝም አልቻልኩም። ፋይሰልን ግን አየሁት። ዓይኑን ከኔ አሽሽቶ የካሜራውን መስተዋት ይወለውላል። እሱ ያውቅ ነበር። አጎቱ በረዶዎቹን አውጥቶ ሲጥል አጠገቡ ቆሞ ያየ እሱ ነው፤ ፊልሙን ያቀበለውም እሱ ነው። ትናንት ስለ በረዶ ሳጥን ሲያስተምረን የዋለ ሰው ዝም ብሎ ቀዝቃዛውን ጠጣ።

"ሞቷል?" አልኳት በአማርኛ።

"ሞቷል" አለችኝ።

ቢሆንም መመለስ አልፈለገችም። እናቶቹ እየጠበቁ ነው፤ ቢያንስ ሄጄ ልንገራቸው አለች። ወረድን። ብዙም ሳንሄድ ወንዙ ከሚጠብበት ገደል ስንገባ ነው ያንን ነጭ ነገር ያየነው። ሌሊት ተራራው ላይ የወረደውን በረዶ ጎርፉ ጠራርጎ አምጥቶ፣ ፀሐይ በማይገባበት ጥግ ከምሮታል። ከላይ ቅጠልና አፈር ለብሷል፤ በእግር ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል፤ ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል። ትልልቁ ጠጠር እንደ ሽምብራ ነበር። ደሴ በልጅነታችን በረዶ ሲጥል በሳፋ ሰብስበን በስኳር እንቅመው ነበር፤ ሳላስበው አንድ እፍኝ አፌ ውስጥ ከተትኩ። አፈር አፈር ይላል። ከላይ ከገደሉ ዝንጀሮዎች ይጮኹብናል።

ፋይሰል አበደ። "እዩ! የኛ አገር የበረዶ ወንዝ!" እያለ ላዩ ላይ ወጣ፣ ተንበረከከ፣ ተኛ፤ ከየአቅጣጫው አነሣው። በሆቴሉ ግድግዳ ላይ ያለው ያ ነው።

አደር ዋርሰሜ እንባው መጣ። "አላህ ሰማን! ሳጥኑን ሙሉት!" አለ። ሆዳን ሳጥኑን አምጥታ ጠርሙሱንና ፊልሙን ወረወረችና በበረዶው ሞላችው፤ የፋይሰል ካሜራ ይህንንም ያነሣል። ለምን እንደምትሞላው አልገባኝም። ቆይቼ ስጠይቃት፣ "እዚያ ትኩሳት የያዛቸው ልጆች ይኖራሉ" አለችኝ። ሽማግሌው እጁን ወደ ሳጥኑ ሰድዶ፣ "ይኸው! ከቅድሙ ይበልጥ ቀዝቅዟል! ዳነ!" አለ።

"አደር፣ ፀሐይ ላይ ውሎ የተበላሸ ወተት ቢቀዘቅዝ መልሶ ወተት ይሆናል?" አለችው ሆዳን።

ሽማግሌው እጁን ከሳጥኑ አወጣ። ፋይሰል ግን ከበረዶው ላይ ሆኖ፣ "ማን ያውቃል፤ ዝም ብለሽ መርፌውን ውጊያቸው። ምናልባት ግማሹ ይሠራል። እናቶቹ ይደሰታሉ" አለ። ያን ጊዜ ድንጋይ አንሥቼ ነበር። ሆዳን እጄን ያዘችኝ።

ከጉድጓዱ ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል። ሴቶቹ መኪናውን ሲያዩ ልጆቻቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ በእጃቸው ጎትተው መጡ። ፊታቸው ላይ ቀይ ሽፍታ ያወጡ ሁለት ሦስት ልጆች አየሁ። ሆዳን ከመኪናው ወርዳ ብልቃጦቹን አወጣች። በአንድ ላይ ከፊታቸው ድንጋይ ላይ ሰበረቻቸው። ማንም "ግማሹ" እንዳይል ነው። ከዚያ፣ "ተበላሽቶብኛል፤ አዲስ ይዤ እመለሳለሁ" አለች።

ጩኸቱ ምድሩን ሞላው። አንዷ አፈር ዘግና ሆዳን ላይ በተነችባት። አንዷ፣ የታመመ ልጅ የታቀፈች ቀጭን ሴት፣ "አንቺ የከተማ ልጅ! ሁለት ቀን የተጓዝኩት ለስብርባሪ ነው?" አለቻት። ሆዳን አንገቷን ደፋች። "ተበላሽቶብኛል" ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም፤ ማን እንዳበላሸው ብትናገር ሽማግሌውን በሰው ፊት ማዋረድ ነውና። አደር ዋርሰሜ ራሱ ገና ነገሩ እየገባው ነበር። ፋይሰል ከመኪናው አልወረደም። መስኮቱን ዘግቷል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ ያገሬ ሰዎች። እኔ አልፈራሁም። በተሰባበረ ሶማሊኛዬ ጮኽኩ። "እሷ አይደለችም! እንግዳው ነው! ቀዝቃዛ ውሃ አማረው፣ የልጆቻችሁን በረዶ አውጥተው ውሃውን አስገቡ! ያውቃል! ሳጥን አይከፈትም ብሎ ራሱ ነግሮናል!"

አደር ዋርሰሜ ወደ መኪናው ሄዶ በሩን ከፈተ። "ታውቅ ነበር?" አለው።

ፋይሰል፣ "አጎቴ፣ ለኔ ብለህ ስትለፋ እምቢ ልልህ አፈርኩ" አለ።

ሽማግሌው እዚያው ቆመ። ኩታውን ከትከሻው አንሥቶ የራሱን ፊት ሸፈነበት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረና በደንባቸው መሠረት፣ "በደሉ የኔ ነው፤ ካሣውም የኔ ነው። ከመንጋዬ የምታጠባ ግመል እሰጣለሁ" አለ።

ቀጭኗ ሴት መለሰችለት። "አባ፣ ግመል ኩፍኝ ያባርራል?"

ከዚያ ወደ ሳጥኑ መጣች። እፍኝ በረዶ ዘግና የልጇን ከንፈር አረጠበችለት። ሌሎቹም መጡ። ሆዳን እየዘገነች ሰጠቻቸው። ልጆቹ ቀዝቅዟቸው ሲንሰፈሰፉ፣ አንዳንዱ ሲስቅ፣ በረዶው አለቀ።

በመልሱ መንገድ አደር ዋርሰሜ ከፋይሰል ጋር መኪና ውስጥ አልቀመጥም ብሎ ጉድጓዱ ዘንድ ቀረ። ግመሏን በእርግጥም አምጥቶ እንደሰጠ ኋላ ሰምቻለሁ። ፋይሰል በሳምንቱ ወደ በረዶ አገሩ ተመለሰ። ሆዳን ደጅ ጠንታ፣ አልቅሳ፣ ተሳድባ አዲስ ክትባት አገኘች። መኪናውን ከነጋዴው ለምኜ ነዳሁ። ሳጥኑን ከሁለታችን መካከል አድርገን፣ በየትም ሳንቆም ሄድን። አቦሸማኔ ይሁን ሰጎን ቀና ብዬ አላየሁም።

ጉድጓዱ ዘንድ ማንም አልነበረም። ያንን በረዶ ያመጣልን ዝናብ ከታች ሜዳውን አለምልሞት፣ ሰዎቹ ሣር ተከትለው ሄደዋል። የእሳት አመድና የፍየል በጠጥ ብቻ ነው ያገኘነው። ሆዳን ከአሸዋው ላይ ተቀመጠች። ሁለት ቀን በየወንዙ ፈለግናቸው፤ ያገኘናቸው ሌሎች ናቸው፣ እነሱን ከተበች። ከወራት በኋላ የከብት ገበያ ውስጥ አንድ የግመል ነጋዴ ስለ እነዚያ ሰዎች ነገረኝ። ኩፍኙ አብሯቸው ሄዶ ነበር። በመንገዳቸው ትንንሽ መቃብር አይቷል። ስንት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

የሠርጉን ምሳ ትቼ ወደ በረንዳው ወጣሁና ሆዳን ዘንድ ደወልኩ። አሁን የልጅ ልጆች አሏት፤ አማርኛዋ ትንሽ ዝጓል፣ ንዴቷ ግን እንደኔው ነው።

"ፎቶውን ሰቅለውታል" አልኳት።

"የበረዶውን?"

"አዎ። ትልቅ አድርገውት።"

"ሳጥኔ ይታያል?"

"ጥጉ ይታያል። የአንቺ ክንድም አለ።"

"እናቶቹስ?"

"የሉበትም" አልኳት።

ስመለስ አስተናጋጇ፣ የጅማ ልጅ ነች፣ ሳህኔን ሳልጨርስ መተዌን አይታ ተጨንቃ ኖሯል። በረዶ የሚንቃጨልበት ብርጭቆ አስቀመጠችልኝ። "ጋሼ፣ ሙቀቱ ነው መሰለኝ። እንግዳ ነዎትና ቀዝቃዛ አምጥቼልዎታለሁ" አለችኝ። ልጅቷ ምን አጠፋች። ብርጭቆውን ቀስ አድርጌ ወደ እሷ ገፋሁትና፣ "አላህ ይስጥሽ ልጄ፤ ለኔ የሞቀውን አምጪልኝ" አልኳት።